ማኑፋክቸሪንግ «ኤ» አምጥቻለሁ፣ ቶርኖ ግን ነክቼ አላውቅም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው። ሦስቱን የጻፉት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። አራተኛውን የጻፉት መርካቶ ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን ያለበት ወርክሾፕ) ያላቸው ባለሙያ ናቸው፣ እሳቸውም የጻፉት ስለ ተማሪዎች ነው። አንድ ላይ ቢነበቡ ይሻላል ብዬ ዓምዱን በሙሉ ሰጥቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ፒያሳ ነው፣ የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ማኑፋክቸሪንግ «ኤ» ነው ያመጣሁት። የቶርኖን ክፍሎች አንድ በአንድ ልዘርዝርልዎት እችላለሁ። ወርክሾፕ የገባነው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አርባ ሆነን አንድ ማሽን ከበብን፣ ከኋላ የነበርነው ያየነው የቴክኒሻኑን ጀርባ ነው። አሁን ኢንተርንሺፕ ልወጣ ነው። አንድ ሰው ብረት ሰጥቶ «ይሄን ሥራ» ቢለኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ዩቲዩብ ላይ ብዙ አይቻለሁ፣ ግን አልያዘልኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያቺን «ኤ» አትናቃት። የተማርከው እውነት ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ስለሚጠይቅህ ደብተርህን አትጣል። የጎደለህ ሌላ ነገር ነው። እጅህ እስካሁን በቁጥር ተጠይቆ አያውቅም። ክፍል ውስጥ ከመቶ 85 ያመጣ ልጅ ጎበዝ ይባላል። ቶርኖ ላይ ግን 25 ሚሊ መሆን ያለበት ፒን 24.9 ሆኖ ከወጣ ቡሹ (ፒኑ የሚገባበት የብረት ቀለበት) ውስጥ ይላላል፣ በቃ፣ የተቆረጠው ብረት ተመልሶ አይለጠፍም። ዩቲዩብ ያልያዘልህ ለዚህ ነው። እዚያ የምታየው ፒን የተሠራው በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ቢበላሽም የሚያፍረው እሱ ነው።

የምታውቀውን የዙር ቀመር እንውሰድ። የመቁረጫ ፍጥነቱን በ1000 ታባዛለህ፣ ከዚያ ለፓይና ለዲያሜትሩ ብዜት ታካፍላለህ። በኤችኤስኤስ (ከጠንካራ የብረት ዓይነት በተሠራ) ቱል ለስላሳ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ልቁረጥ ብትል፣ 40 ሚሊ የሆነ ዘንግ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ይፈልጋል። ዘንጉ ቀጥኖ 20 ሚሊ ሲደርስ 400 ዙር ይሆናል። ይሄን ፈተና ላይ ሠርተኸዋል። ልምድ ያለው የቶርኖ ባለሙያ ደግሞ ምንም ሳይጽፍ እዚያው ቁጥር አጠገብ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ድምፁን ይሰማል፣ ፍቅፋቂውን ያያል። በኤችኤስኤስ እየቆረጥክ ፍቅፋቂው ሰማያዊ ከሆነ ቱሉ ሊቃጠል ነው፣ ዙር ቀንስ። በካርባይድ (ሙቀት ይበልጥ በሚችል ቱል) ከሆነ ግን ሰማያዊ መሆኑ የተለመደ ነው፣ አትደንግጥ። ካስት አይረን ስትቆርጥ ረጅም ጥቅልል አትጠብቅ፣ እየተፈረፈረ ነው የሚወርደው። ቀመሩን የምታውቅ አንተ እነዚህን አንዴ በዓይንህ ብታይ ከማንም ቀድመህ ይገባሃል። ያ የአንተ ትልቅ ዕድል ነው፣ እባክህ ተጠቀምበት።

ደብተር ላይ የማይገኝ ሌላም ነገር ልንገርህ። በክሮስ ስላይዱ (ቱሉን ወደ ብረቱ በሚያስገባው ክፍል) መዘውር ላይ ቁጥሮች አሉ። በአንዳንዱ ማሽን 1 ሚሊ ስታስገባ ከዲያሜትሩ የሚነሳው 2 ሚሊ ነው፣ ቱሉ የሚገባው በራዲየስ በኩል ስለሆነ። በሌላው ማሽን ግን ቁጥሩ የተጻፈው በዲያሜትር ነው፣ 1 ብትል 1 ይነሳል። ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ ማሽን ላይ ስትቆም መጀመሪያ ትንሽ ቁረጥ፣ ለካ፣ ከዚያ እመነው። መዘውሩን አሳልፈህ ካዞርክ ደግሞ ቁጥሩ ላይ ብቻ መልሰህ አታቁመው። ብሎኑና ዳዶው መሃል ክፍተት አለ፣ ቁጥሩ ሲመለስ ቱሉ ገና አልተንቀሳቀሰም። ግማሽ ዙር ያህል ወደ ኋላ መልሰህ እንደገና ወደፊት እያስገባህ ቁጥሩ ላይ ድረስ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ከፒያሳ በጊዮርጊስ በኩል በእግርህ ወደ መርካቶ ውረድ። ከሶማሌ ተራ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባለው ሰፈር ቶርኖ ቤት አታጣም። የመኪና መለዋወጫ የሚጠግኑ፣ ቡሽ የሚያወጡ፣ የተበላ ሻፍት በብየዳ ሞልተው ወደ ልኩ የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። ያ የመጨረሻው ሥራ ብቻውን አንድ ሴሚስተር ያስተምራል። የተበላው ቦታ በብየዳ ይሞላል፣ ዘንጉ በሙቀት ይጣመማል፣ ይስተካከላል፣ ከዚያ እንደገና ይቆረጣል። ኮርስ ላይ ለየብቻ የተማርካቸውን ብየዳን፣ ሙቀትንና ልኬትን አንድ ሰው አንድ ከሰዓት ላይ አንድ ብረት ላይ ሲያገናኛቸው ታያለህ።

አካሄድህ ግን ወሳኝ ነው። ጠዋት ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት አትሂድ። «ጋሼ፣ የሜካኒካል ተማሪ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ብረት አቀብላለሁ» በል። አንዱ እምቢ ሊልህ ይችላል፣ ቀጥሎ ያለውን ጠይቅ። ዲግሪ ልትይዝ መሆኑን ደጋግመህ አታንሳ። ማሽኑ እየዞረ ጥያቄ አትጠይቅ፣ ሲቆም ጠይቅ። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ። የራስህን ካሊፐር ይዘህ ሂድ። እሱ ለክቶ ሲጨርስ አንተም ለካ፣ ያነበብከውን ጮክ ብለህ ተናገር። በሁለተኛው ቅዳሜ የምትሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ራስህ ታውቀዋለህ።

መጀመሪያ ማየት ያለብህ ቅደም ተከተሉን ነው። ለምን ፊቱን መጀመሪያ አስተካከለ? ለምን ጫፉ ላይ የሴንተር ቀዳዳ በሳ? ለምን ከቻኩ (ብረቱን ከሚያስረው መንጋጋ) አውጥቶ ሳይገለብጠው እዚያው ላይ ሁለቱንም ዲያሜትር ጨረሰ? የዚህ የመጨረሻው መልስ ትልቅ ነው። ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ብረቱን ስትፈታና ስታስር መሃሉን በትክክል አይመልስልህም። አንድ ላይ የተቆረጡ ዲያሜትሮች ግን አንድ መሃል ይጋራሉ። መገልበጥ ግዴታ ከሆነ ባለ አራት መንጋጋ አስሮ በዳያል ኢንዲኬተር መሃሉን ሲፈልግ ታየዋለህ። ቁጭ ብለህ ተመልከት፣ ትዕግሥት ምን እንደሆነ እዚያ ይታያል።

ጥንቃቄውን በአጭሩ፣ ግን ከልቤ። ቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም። እጅ ይጠብቃል የምትለው ጓንት ተይዞ እጅህን ይጎትታል። ረጅም እጅጌ፣ ሻርፕ፣ ቀለበት፣ የተንጠለጠለ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ አይሆንም። የቻክ ቁልፍ ከቻኩ ላይ ሳይወጣ ማሽን አይነሳም። ፍቅፋቂ በእጅ አይነሳም፣ በብሩሽ ወይም በመንጠቆ ነው። መነጽር ሰፈሩ ባያደርግም አንተ አድርግ።

ከሦስት አራት ቅዳሜ በኋላ የራስህን ብረት ገዝተህ ቡሽና ፒን እንድትሠራ አስፈቅድ። ፒኑ 25 ሚሊ ይሁን፣ ቡሹ ውስጥ በእጅ ተገፍቶ ይግባ፣ ግን አይላላ። ከመጀመርህ በፊት የሥራውን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ለሰውየውም አሳየው። የሚሰርዝልህ መስመር ይኖራል። ያን ወረቀት ለኢንተርንሺፕህ ያዘው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ወርክሾፕ ላይ 25 ሚሊ ፒን በትንሹ ኤች 6 (የተፈቀደ የልክ ወሰን ነው) ሥሩ ተባልን። እንደጨረስኩ በዲጂታል ማይክሮሜትር ስለካው 24.994 አለኝ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ መምህራችን ሲለካው 24.982 ሆነ፣ ወደቀብኝ። ልጆቹ «አንብበሽ አታውቂም» አሉኝ። ሌላም አለ። በቡድን ስንሠራ ሁልጊዜ «አንቺ ሪፖርቱን ጻፊ» ነው የሚሉኝ። ይሄንን ፒን የሠራሁት ለምኜ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ማንበብ ታውቂያለሽ። ሁለቱም ንባብ ትክክል ይመስለኛል። የተለወጠው ፒኑ ነው።

ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ስቲል ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሜትር 12 ማይክሮን (የሚሊ ሺኛ) ገደማ ይሰፋል። ያንቺ ፒን 25 ሚሊ ነው። ከመቁረጥ እንደወጣ ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 12 ማይክሮን ሰፍቷል ማለት ነው። ከ24.994 ላይ 12 ማይክሮን ቀንሺ። 24.982። መምህርሽ ያገኙት ራሱ ነው። በ25 ሚሊ ላይ የትንሹ ኤች 6 ወሰን ከ25.000 እስከ 24.987 ነው፣ ጠቅላላ 13 ማይክሮን። ሙቀቱ ብቻ ወሰኑን በሙሉ ሊበላው ቀርቦ ነበር። የወደቅሽው በ5 ማይክሮን ነው። የምህንድስና ልኬት በመላው ዓለም በ20 ዲግሪ ላይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ያልፋል፣ አንቺ ግን አሁን በእጅሽ አውቀሽዋል።

በሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። ሻካራውን ቆርጠሽ ግማሽ ሚሊ ያህል አስቀሪለት። ማሽኑን አጥፊ። ብረቱ እጅ ላይ ሲነካ የማይሞቅ እስኪሆን ጠብቂ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካለም አፍስሺበት። ከዚያ ለኪ። የማጠናቀቂያውን ቁረጪ፣ እንደገና አቀዝቅዢ፣ ለኪ። ጫፉ ላይ ያለውን ሹል ትርፍ በሞረድ ሳታነሺ አትለኪ፣ ማይክሮሜትሩንም ራቼቱን (ጫፉ ላይ ያለውን ትንሽ መዘውር) ይዘሽ አጥብቂ እንጂ በጉልበት አትጨቁኚው። ማይክሮሜትሩን ራሱን በእጅሽ ለረጅም ጊዜ አታሙቂው። ለመምህርሽም ሒሳቡን ጽፈሽ አሳዪ። ነጥቡን ባይመልሱልሽ እንኳ ምክንያቱን ሠርታ የመጣች ተማሪ አይረሱም።

ስለ ሪፖርቱ ግልጹን ልናገር። ትክክል አይደለም። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሪፖርት መጻፍ ይማራል፣ የሚቆርጠው መቁረጥ ይማራል። ከመጀመሪያው ቀን «ተራ እናውጣ፣ በየሳምንቱ ጸሐፊው ይቀየር» በዪ፣ ወረቀት ላይ አውጪው፣ መምህሩም እንዲያዩት አድርጊ። ካልሆነ ቴክኒሻኑን ከክፍል ሰዓት ውጪ ጠይቂ። ለምነሽም ቢሆን ማሽኑ ላይ መቆምሽ ልክ ነው። ፀጉርሽን ብቻ አጥብቀሽ እሰሪ፣ ቆብ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ ዘመኑ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ ማሽን) ነው። በእጅ ቶርኖ ጊዜዬን ላጥፋ ወይስ በቀጥታ ሲኤንሲ ልማር?

መልስ፦ ሁለቱንም፣ ግን በእጅ የሚሠራውን አስቀድም። ብዙ አይደለም፣ ሁለት ወር ያህል ይበቃሃል። ሲኤንሲ ያልከውን ነው የሚያደርገው። ጂ 00 (በፍጥነት ሂድ) ብለህ የተሳሳተ ቦታ ብትሰጠው በሙሉ ፍጥነቱ ሄዶ ቻኩ ላይ ይሰካልሃል። ስንት ዙር፣ ስንት ጥልቀት፣ ስንት ፊድ የሚለውን የምትጽፈው አንተ ነህ፣ ያ ቁጥር ደግሞ በእጅ ቆርጠህ ካላየኸው የሰው ቁጥር ነው። ማሽን እስክታገኝ ግን ቁጭ አትበል። ፍሪካድ የሚባል የስዕል ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፣ ስዕሉንም የመቁረጫ መንገዱንም እዚያው ሠርተህ ስክሪን ላይ ሲቆርጥ ታየዋለህ። የሚያወጣልህን ኮድ አንድ በአንድ አንብበው። ጂ 01 ቀጥታ እየቆረጠ ይሄዳል፣ ጂ 02 እና ጂ 03 ቅስት ናቸው፣ ኤም 03 ስፒንድሉን ያስነሳል። አምስት መስመር በእጅህ ጽፈህ ካልሠራህ ሶፍትዌሩ የሰጠህን ሺህ መስመር አትመነው።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት አለኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ጊዜ ሲደርስ ተማሪዎች ስዕል ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም ቁጥር ላይ 0.01 ተጽፏል። ዋጋ ስነግራቸው ይደነግጣሉ፣ አንዳንዱም የምበላው ይመስለዋል። ባለፈው አንድ ልጅ የውስጥ ማዕዘን ፍጹም ሹል አድርጎ ስሎ መጣ፣ በፍሬዛ (ቱሉ እየዞረ በሚቆርጥ ማሽን) አይወጣም ስለው አኮረፈ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ ግን እንዴት ልንገራቸው? አንዱን ስዕል ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ደብዳቤዎ አስደሰተኝ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ደጅ ላይ የሚቆም ተማሪ ዕድለኛ ነው።

ልጆቹ አይዋሹብዎትም። ሶፍትዌሩ ላይ 0.01 ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም። ያ ቁጥር እርስዎ ቤት ሲደርስ ማቀዝቀዝ፣ ደግሞ መለካት፣ የተበላሸ ብረት መጣል፣ ምናልባትም ወደ ግራይንደር መውሰድ እንደሚሆን ማንም አላሳያቸውም። እኔንም ያሳየኝ የእርስዎ ዓይነት ሰው ነው። ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ሻፍት ሳልኩ፣ ኩሽኔታው የሚደገፍበትን የትከሻውን ማዕዘን ስዕሉ ላይ ባዶ ተውኩት። ሠራተኛው አፍንጫው በደንብ በተሳለና በሰፊው በዞረ ቱል ቆረጠው፣ ሥራውም ንጹህ ነበር። ኩሽኔታው ግን ትከሻው ላይ አልቀመጥ አለ። የሻፍቱ ማዕዘን ቅስት ከኩሽኔታው የአፍ ቅስት ስለበለጠ ኩሽኔታው ቅስቱ ላይ ወጥቶ ቀረ። ባለሙያው ተቆጥቶኝ አያውቅም። ኩሽኔታውን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና «እዚህ ጋ ስንት ነው?» አለኝ። ካታሎጉን ከፍቼ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሹል ብተወው ደግሞ ሻፍቱ ከዚያው ማዕዘን ይሰነጠቅ ነበር። መልሱ ወይ ከኩሽኔታው ያነሰ ቅስት ነው፣ ወይ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ቦይ መቁረጥ። ያን አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

እርስዎም እንደዚያ ጠይቋቸው። ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና እያንዳንዱ ቁጥር ላይ ጣትዎን አድርገው «ይሄ ከምን ጋር ይገናኛል?» ይበሏቸው። ከሌላ ብረት ጋር የሚገጥም ከሆነ ጠባብ ወሰን ይገባዋል። 25 ሚሊ ቀዳዳ በትልቁ ኤች 7 ከሆነ ከ25.000 እስከ 25.021 ነው፣ ከትንሹ ኤች 6 ፒን ጋር በእጅ ይገጥማል። ከምንም የማይገናኝ፣ አየር ላይ ያለ ገጽ ከሆነ ግን ለአጠቃላይ ወሰን ይተውት። በአይኤስኦ 2768 (በዓለም አቀፉ የአጠቃላይ ወሰን ሰንጠረዥ) መካከለኛ ደረጃ ላይ ከ6 እስከ 30 ሚሊ ላለው መጠን የሚፈቀደው በሁለቱም በኩል 0.2 ነው፣ ከ30 እስከ 120 ደግሞ 0.3። ተማሪው ይሄን ሰንጠረዥ ተምሮታል። የቀረው ሰንጠረዡ ብር እንደሚያተርፍለት ማወቅ ነው። ሁለት ዋጋ ይንገሩት፣ እንዳለ ቢሠራ ስንት፣ ተስተካክሎ ቢመጣ ስንት። ያን ጊዜ ራሱ እርሳስ ያነሳል።

ስለ ሹሉ ማዕዘን ደግሞ የፍሬዛውን ቱል ከስፒንድሉ አውጥተው እጁ ላይ ያስቀምጡለት። ክብ ነው። ክብ ነገር ኪስ ውስጥ እየዞረ ሲቆርጥ ከራሱ ራዲየስ ያነሰ ማዕዘን ሊተው አይችልም። ይሄን ለማየት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የላኩልኝን ስዕል አየሁት። 11 መጠን አለበት፣ 11ዱም ላይ 0.01 ተጽፏል። የሚገጥሙት ሁለት ናቸው፣ የኩሽኔታው መቀመጫና የፑሊው መግቢያ። በነሱ ላይ የገጠማውን ወሰን እንዲጽፍ፣ ዘጠኙን ለአጠቃላይ ወሰን እንዲተው፣ የትከሻውንም ቅስት ከካታሎጉ አይቶ እንዲሞላ ይንገሩት። አስተካክሎ ሲመለስ ይቁረጡለት፣ ግን የኩሽኔታውን መቀመጫ የመጨረሻ ልኬት ማይክሮሜትሩን ሰጥተው እሱ ራሱ ይለካ።